የድሮ ግቢን ለአዲስ አገልግሎት ማዋል ምንድን ነው?

አንድ የድሮ መሳፍንት ግቢ አለ እንበል። ጠላት እንዳይደፍረው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ተሠርቶ በድንጋይ የታጠረ። ዛሬ ባለቤቱም ዘበኛውም የሉም። ምን ይደረግ? ቆልፎ መተው አንድ ነገር ነው። ጠግኖ፣ ታሪካዊ መልኩን ሳያጠፉ ለዛሬ ሥራ ማዋል ደግሞ ሌላ ነው። ባለሙያዎች አዳፕቲቭ ሪዩዝ የሚሉት ይህንን ሁለተኛውን ነው።

እኛ ወሎዎች ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለብንም። የደሴ ሙዚየም ያለው በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ ቤት ውስጥ ነው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ሲዘረፍ ያዘንነው ለቤቱም ጭምር ነው። አዲስ አበባም ብትሄዱ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ሰው የማይገባበት ቤት ቶሎ ይፈርሳል። አንድ ቆርቆሮ ሲገነጠል የሚያይ የለም፤ ክረምቱን ሙሉ ውኃ በግድግዳው ይወርዳል። ግን ጥገናውም ራሱ ሊገድለው ይችላል። በኖራና በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ ርጥበት ይስባል፤ ፀሐይ ሲወጣ መልሶ ያወጣዋል። ሲሚንቶ ከተለሰነ ርጥበቱ መውጫ ያጣል። ልስኑ ይነፋል፣ ከሥሩ ያለው ኖራ ይፈረፈራል። ከውጭ ሲያዩት አዲስ፣ ከውስጥ ግን ያለቀለት ቤት ይሆናል። ጎንደር ፋሲል ግቢ በጣሊያን ጊዜ ሲሚንቶ ገብቶበት፣ በኋላ ጥገናው ወደ ኖራ ተመልሷል።

አገልግሎቱም ቤቱን መምሰል አለበት። ደሴ ያለውን አይጠየፍን ውሰዱ፤ ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት አዳራሽ ነው። ለኤግዚቢሽን፣ ለጉባኤ፣ ለመንዙማ ምሽት ቢውል ያምርበታል። በኮምፔርሳቶ ተሸንሽኖ ቢሮ ይሁን ቢባል ግን፣ በእኔ እምነት፣ አይጠየፍነቱ አበቃ።

ሁሉም ቦታ ደግሞ ለዚህ አይሆንም። መቅደላ በ1860 ዓ.ም. በእንግሊዞች ተቃጥሏል። እዚያ የሚያስፈልገው ፍርስራሹንና ሴባስቶፖልን ባሉበት መጠበቅ ነው እንጂ አዲስ ግንብ መገንባት አይደለም።

በአካባቢያችሁ እንዲህ ያለ ቤት ሊታደስ ነው ሲባል ከሰማችሁ መጀመሪያ ፈቃዱን ጠይቁ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ የሚጠገነው ቅርስን የሚጠብቀው የመንግሥት መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ቀጥላችሁ ልስኑ በምን እንደሚሠራ ጠይቁ።