የቪዲዮ ጌም ውድድር ስፖርት የሚባለው መቼ ነው?

በጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባሉ ጌም ቤቶች የሚያመሹ ልጆችና ወላጆቻቸው «ይህ ስፖርት ነው ወይስ ጨዋታ?» እያሉ ደጋግመው ስለሚከራከሩ፣ ጉዳዩን ማብራራት ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ግራ መጋባቱ የሚመነጨው «ስፖርት» የሚለውን ቃል በሁለት ትርጉም ከመጠቀማችን ነው። አንደኛው ሰውነትን ማንቀሳቀስና ማላብ ሲሆን፣ ሌላው ደንብ፣ ዳኛና ደረጃ ያለው ውድድር ነው። ጌም በመጀመሪያው ትርጉም ስፖርት አይደለም፤ በሁለተኛው ግን ሊሆን ይችላል። ቼዝም ላብ ሳያስወጣ የዓለም አቀፉን ኦሊምፒክ ኮሚቴ ዕውቅና ያገኘ ስፖርት ነው።

ሁለት ጓደኛሞች ተሸናፊው ሒሳቡን እንዲከፍል ተስማምተው ጆይስቲክ ቢይዙ፣ ምንም ያህል ቢፎካከሩ ያ መዝናኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በቻይናዋ ሃንግዡ በተካሄደው የእስያ ጨዋታዎች ግን የጌም ውድድር ሜዳሊያ የሚያሰጥ ዘርፍ ነበር፤ «ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ» በተባለው ጌም ወርቅ ያገኙት ደቡብ ኮሪያውያንም፣ እንደ ሌሎቹ የወርቅ ባለድሎች ሁሉ፣ ከመደበኛው የግዳጅ ውትድርና ነጻ የመሆን መብት አግኝተዋል።

እስከዚህ ያለው እርግጥ ነው። የሚለያየው የየአገሩ ዕውቅና ነው፤ አንዱ አገር ስፖርት ብሎ ሲመዘግበው ሌላው በመዝናኛነት ይተወዋል።

በእኔ እምነት ትልቁ እንቅፋት የላብ ጉዳይ ሳይሆን የባለቤትነት ነው። ፋሲል ከነማ የሚጫወተው እግር ኳስ ባለቤት ስለሌለው፣ ማንም ልጅ ሁለት ድንጋይ ጎል አድርጎ ሊጫወተው ይችላል፤ ጌም ግን የአንድ ኩባንያ ንብረት በመሆኑ፣ ኩባንያው በፈለገ ጊዜ ሊለውጠው ወይም ሊዘጋው ይችላል።