ዋን ፖሊስ ፕላዛ፦ ጥበቃውና የሠራተኞች መኪና ማቆሚያ

ዋን ፖሊስ ፕላዛ የኒውዮርክ ከተማ ፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት ሲሆን በታችኛው ማንሃተን ከማዘጋጃ ቤቱ፣ ከፍርድ ቤቶቹና ከብሩክሊን ድልድይ አጠገብ ይገኛል። ከ1909 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፖሊስ በሴንተር ጎዳና ይጠቀምበት የነበረውን ባለጉልላት ሕንፃ ተክቶ በ1973 ሥራ ጀመረ። የኮሚሽነሩ ቢሮ 14ኛ ፎቅ ላይ ነው። ከፊት ለፊቱ ለእግረኛ የተተወ ሰፊ አደባባይና አምስቱን የከተማዋን ክፍሎች የሚወክሉ አምስት የተቆላለፉ ክብ ብረቶች ያሉት የቶኒ ሮዘንታል ቅርጽ አለ። ከሥሩ ደግሞ ማንኛውም ሰው ከፍሎ መኪናውን የሚያቆምበት የማዘጋጃ ቤት ማቆሚያ ነበር።

ሕንፃው ዒላማ መሆኑ ቀድሞ የታየው ታኅሣሥ 31 ቀን 1982 ነው። ለፖርቶ ሪኮ ነፃነት እታገላለሁ የሚለው ኤፍ.ኤ.ኤል.ኤን. የተባለ ቡድን ያጠመደው ቦምብ ፈንድቶ አንድ ፖሊስ እግሩን አጣ። በዚያው ሌሊት በአቅራቢያው ሌላ ቦምብ ለማምከን የቀረቡ ሁለት ባልደረቦቹ ክፉኛ ቆሰሉ። የእነዚህ ሰዎች መሥዋዕትነት ስለ ቦታው ጥበቃ በሚነሳ ክርክር ሁሉ ሊታሰብ ይገባል።

በ1993 የዓለም ንግድ ማዕከል በምድር ቤት ማቆሚያው ውስጥ በቆመ መኪና ላይ በተጫነ ቦምብ ተመትቶ ስድስት ሰዎች ሞቱ። ስለዚህ ከመስከረም 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ ፖሊስ ከቢሮዎቹ ሥር ማንነቱ የማይታወቅ መኪና እንዲቆም አለመፍቀዱ አያስገርምም። ማቆሚያው ለሕዝብ ተዘጋ። ሕንፃውን ተጠግቶ የሚያልፈው ፓርክ ሮው ጎዳናም በኬላ፣ በኮንክሪት ግርዶሽና ከመሬት በሚነሳ የብረት መዝጊያ ታጠረ። የከተማ አውቶቡሶች፣ የድንገተኛ አደጋ መኪኖችና ፈቃድ ያላቸው ብቻ ያልፋሉ። ባለጉዳይ መታወቂያ አሳይቶና ተፈትሾ ይገባል።

መዘዙ የወደቀው በቻይናታውን ላይ ነው። ፓርክ ሮው ሰፈሩን ከማዘጋጃ ቤቱና ከፋይናንስ ሰፈሩ ጋር የሚያገናኝ ዋና መንገድ ነበር፤ ነጋዴዎቹ ደንበኛ እንደራቃቸው ይናገራሉ። የፖሊስ ሠራተኞች የግል መኪኖች ደግሞ በአቅራቢያው ያለውን ጄምስ ማዲሰን ፕላዛ የተባለ ትንሽ መናፈሻ ሳይቀር ሞሉት። በአቅራቢያው ያለው ቻተም ግሪን የተባለ የመኖሪያ ሕንፃ ነዋሪዎች የወቅቱን ከንቲባ ብሉምበርግን ከሰሱ። በ2003 የኒውዮርክ ፍርድ ቤት የሕዝብ መናፈሻ ያለ ክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ፈቃድ የመኪና ማቆሚያ ሊሆን እንደማይችል ወሰነ። የመንገዱ መዘጋት በአካባቢው ላይ ያደረሰው ጫናም በመደበኛ ጥናት እንዲመረመር ተጠየቀ። ለጥበቃ ሲባል መንገድ መዝጋትና ለሠራተኛ ምቾት መናፈሻ መያዝ ለየብቻ መታየት ነበረባቸው፤ ፍርዱ በዚህ ረገድ ትክክል ነው።

ለሠራተኞች የሚሰጠውና ከመስታወት ሥር የሚቀመጠው የማቆሚያ ፈቃድ ሌላው የቅሬታ ምንጭ ነው። ነዋሪዎች እንደሚሉት ወረቀቱ ያለው ሰው በእሳት አደጋ ውኃ መቅጃ ፊትና በእግረኛ መንገድ ላይ ጭምር ያቆማል። በ2008 ብሉምበርግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች የሚሰጡት ፈቃድ በ20 በመቶ እንዲቀነስ አዘዙ።

በ2018 በፓርክ ሮው ላይ የብስክሌት መስመር ተከፈተ፣ ለእግረኛም ተሻሻለ። ለግል መኪና ግን አሁንም ዝግ ነው።