«አንድ ቆራጥ መሪ ቢመጣ…» እና ሌሎች ስለ ሙስና የሰለቹኝ ወሬዎች

ደሴ ውስጥ ጡረታ የወጣ ኦዲተር መሆን ፈተና አለው። ለቅሶ ቤትም ሆነ ፒያሳ ቡና ላይ፣ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ ሙስና ላይ ሲደርስ ሁሉም ወደ እኔ ይዞራል። አስተያየቴን ሊሰሙ እንዳይመስላችሁ፤ የራሳቸውን ሊነግሩኝ ነው። እንግዲህ ደጋግሜ የምሰማቸውን እዚሁ ልገላገላቸው። (የውጭ አገሮቹን ዓመታት በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

«ሙስና ባህላችን ነው፣ አይለቀንም።» የሆንግ ኮንግ ፖሊስ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በጉቦ የተተበተበ ነበር። በ1974 ለፖሊስ የማይታዘዝ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመለት። ጉቦው ቀነሰ፤ ባህሉን ግን የለወጠ የለም።

«ደመወዝ ቢጨመርላቸው አይሰርቁም።» የሻይ ለምትቀበለው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ትንሽ እውነትነት አለው። ጨረታ የሚያጸድቀው ሰው ግን በአንድ ፊርማ የዓመት ደመወዙን ያገኛል፤ በስንት ጭማሪ ልትመልሱት ነው? ሲንጋፖርን የምትጠቅሱልኝም ቅደም ተከተሉን እዩልኝ፤ የሙስና መርማሪ ቢሮው በ1952፣ ጠንከር ያለው ሕግ በ1960፣ የሚኒስትሮች ደመወዝ ከግሉ ዘርፍ ጋር የተያያዘው ደግሞ በ1994።

«ሁሉም በኮምፒውተር ይሁን።» ይሁን። እስካሁን ያየሁት ግን «ፋይሉ ጠፋ» የሚለው በ«ሲስተም የለም» ሲተካ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። «አንድ ቆራጥ መሪ መጥቶ ትልልቆቹን ቢያስር!» ሲብስም «ቢረሽን!»። ይህን ከወሎ ሰው አፍ ስሰማ ደሜ ይፈላል፤ ተሞክሯላ፣ ያውም በእኛ ስም! በ1966 የወሎን ረሃብ የደበቁ ባለሥልጣናት እንዲጠየቁ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር። ምርመራው ለፍርድ ሳይበቃ፣ ህዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት፣ ስድሳ ያህል ሰዎች በደርግ ተረሸኑ፤ አብዛኞቹ የንጉሡ ሹማምንት ነበሩ። ከዚህ ወዲያ ቁርጠኝነት ከየት ይምጣ? አሥር ዓመት ሳይሞላ፣ በመስከረም 1977፣ አዲስ አበባ ለአብዮቱ በዓል ስታጌጥ ኮረም ላይ ሰው ይረግፍ ነበር፤ ረሃቡም እንደገና ተደብቆ።

ከዚያ ወዲህስ? የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስየ አብርሃ በ1993 በሙስና የታሰሩት ሕወሓት ለሁለት ከተሰነጠቀ በኋላ ነው። ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ ይለቀቁ ብለው ቢያዙ ወዲያው ተመልሰው ተያዙ፤ በቀናት ውስጥም ለሙስና ተጠርጣሪ ዋስትና የሚከለክል አዋጅ ወጣ። የመንግሥቱ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) ኃላፊዎች በህዳር 2011 የተያዙትም መሪው ከተለወጠ በኋላ ነው። ጥፋት አልነበረም እያልኩ አይደለም። ክስ የሚመጣው ሰውዬው ሲወድቅ ብቻ ከሆነ ግን፣ ታች ያለው ሹም የሚማረው «አትስረቅ» ሳይሆን «አለቃህን አታስቀይም» ነው።

አንድ ወረዳ ላይ ለጠረጴዛና ወንበር ግዥ የቀረቡ ሦስት ፕሮፎርማዎች አገኘሁ። የሦስት ነጋዴዎች ማኅተም አርፎባቸዋል፤ ሦስቱም ግን «ጠረጴዛ»ን «ጠርጴዛ» ብለው ጽፈዋል። በሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ገቢ ከተደረገው ወንበርም ግምጃ ቤት ስገባ የጎደለ ነበር። ሪፖርት ጻፍኩ። ለማን? ግዥውን ላጸደቀው ኃላፊ! የውስጥ ኦዲተር አለቃ እሱ ነዋ። አመስግኖ ተቀበለኝ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወርኩ።

ላይም ቤት ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ሲቋቋም ተጠሪነቱ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነበር። የመመርመርና የመክሰስ ሥልጣኑንም በ2008 ተነጥቆ ለፖሊስና ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ተሰጠበት። በህዳር 2015 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሰባት አባላት ያሉት ብሔራዊ ኮሚቴ ሰየሙ። ኮሚቴ!

መሪ ከልቡ ከሆነ እሱ ራሱ የማያስቆመውን መርማሪ ያቋቁም። በ1986 የሲንጋፖር ሚኒስትር ቴህ ቺያንግ ዋን በጉቦ ሲመረመሩ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሊ ኳን ዩን ላነጋግር ብለው ነበር፤ ምርመራው ሳያልቅ አላገኝም አሏቸው። በ1991 ሕገ መንግሥታቸው ተሻሽሎ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምርመራ ቢከለክል እንኳ የሙስና መርማሪ ቢሮው በፕሬዚዳንቱ ፈቃድ እንዲቀጥል ተደረገ። የኛም የወረዳ ኦዲተር ቅጥሩም ዝውውሩም ከሚመረምረው ኃላፊ እጅ ይውጣ። ብዙ ወጪ የለውም።

ሁለተኛ፣ ሰነዱ ደጅ ይውጣ። ኡጋንዳ ውስጥ ከ1991 እስከ 1995 መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከመደበው ድጎማ እጃቸው የገባው በአማካይ ከመቶ 13 ብቻ ነበር። የሚላከው መጠን በጋዜጣ መውጣትና በትምህርት ቤቱ በር ላይ መለጠፍ ከጀመረ በኋላ፣ በ2001 ከመቶ 80 አለፈ። ጋዜጣው ብቻውን አላመጣውም የሚሉ አሉ፤ ይሁንላቸው፣ መለጠፉ ግን የጎዳው ሰው የለም። በእኛም ወረዳዎች በጀት በሰሌዳ መለጠፍ ተጀምሮ ነበር። እኔ ያየኋቸው ሰሌዳዎች የተመደበውን ይናገራሉ እንጂ ለማን እንደተከፈለ አይነግሩም። መለጠፍ ያለበት የነጋዴው ስም፣ የአንዱ ዕቃ ዋጋ፣ ብዛቱ፣ የሞዴል 19 ቁጥሩና ያጸደቀው ሰው ስም ነው። አንድ ወንበር በስንት እንደሚሠራ ሐይቅ ያለ አናጢ ሁሉ ያውቃል፤ እሱን ወደ ሌላ ወረዳ የሚያዛውረው የለም።