ኤስኢሊኑክስ የተርሚናል መግቢያውን እንዴት ይጠብቃል

ሊኑክስ ላይ የጽሑፍ ተርሚናል ስትከፍቱ «ሎግኢን» ብሎ ስማችሁን የሚጠይቃችሁ ፕሮግራም ጌቲ ይባላል። ሥራው ትንሽ ናት። ተርሚናሉን ይከፍታል፣ ስማችሁን ይቀበላል፣ የቀረውን ለሎግኢን ፕሮግራም ያስረክባል። ግን ይህን ሁሉ የሚሠራው በሩት፣ ማለትም በማሽኑ የበላይ አስተዳዳሪ፣ ሥልጣን ነው። ማንነቱ ገና ያልታወቀ ሰው የሚጽፈውን የሚያነብ ፕሮግራም የማሽኑን ቁልፍ ሁሉ ይዞ ቁጭ ብሏል ማለት ነው።

አስገዳጅ የመዳረሻ ቁጥጥር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በተለመደው አሠራር የፋይሉ ባለቤት ማን ያንብብ፣ ማን ይጻፍ ብሎ ይወስናል፤ ሩትን ደግሞ ማንም አያቆመውም። እዚህ ግን ወሳኙ ፖሊሲው (ለማን ምን እንደተፈቀደ የሚዘረዝረው ሕግ) ነው፣ ሩትም ቢሆን ካልተፈቀደለት አያልፍም። ሊኑክስ ላይ በሰፊው የሚታወቀው ኤስኢሊኑክስ ነው። የአሜሪካው ብሔራዊ የደኅንነት ኤጀንሲ ኤንኤስኤ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ ኮዱን ለሁሉም ለቀቀው፣ በ2003 ዋናው የሊኑክስ ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት) ውስጥ ገባ። ዛሬ ፌዶራና ሬድ ሃት በሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ ከመጀመሪያው በርቶ ይመጣል፤ አንድሮይድ ስልክም ውስጥ አለ።

እያንዳንዱ ፕሮሰስ (እየሠራ ያለ ፕሮግራም) እና ፋይል መለያ ይለጠፍበታል። ጌቲ የሚሠራው «ጌቲ_ቲ» በሚባል ዶሜን (ምን እንደሚፈቀድለት የሚወስነው የፕሮሰሱ መለያ) ውስጥ ሲሆን፣ ተርሚናል መክፈት፣ የራሱን ሎግ (የሥራ መዝገብ) መጻፍ፣ የገባና የወጣ የሚመዘገብበትን ፋይል መንካት፣ ሎግኢንን ማስነሳት እና ለዚሁ ሥራ የሚያስፈልጉት ጥቂት ነገሮች ተፈቅደውለታል። ያልተፈቀደ ሁሉ ክልክል ነው። ሎግኢን ሲነሳ ዶሜኑ ወደ «ሎካል_ሎግኢን_ቲ» ይቀየራል፤ ፓስወርድ ማረጋገጥ የሚጀመረውም እዚያ ነው። የፓስወርዶቹ ሃሽ (ወደ ኋላ የማይፈታ ምስጢራዊ ቅርጽ) ያለበት ሻዶው ፋይል የራሱ መለያ ስላለው ጌቲ ሩት ሆኖም አያነበውም። ከጠቅላላው አሠራር በጣም የምወደው ይህን ነው።

ፓስወርዱ ልክ ከሆነ መግቢያን የሚያስተናግደው ፓም የተጠቃሚውን ዶሜን ይመርጣል፣ ተርሚናሉም አዲስ መለያ ይለጠፍበታል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ፌዶራና ሬድ ሃት ላይ ተራ ተጠቃሚ ከገባ በኋላ በነባሪው ብዙም አይገደብም። መገደብ ከፈለጋችሁ ራሳችሁ ጠበብ ያለ ሚና ልትሰጡት ይገባል።

ሰው በብዛት የሚቸገረው የሩት ፓስወርድ ጠፍቶበት ሊቀይረው ሲል ቡት (የማሽኑን አነሳስ) ሲያቋርጥ ነው። በዚያ ሰዓት ፖሊሲው ገና አልተጫነም። ፓስወርድ ስትቀይሩ ሻዶው ፋይል እንደ አዲስ ይጻፋል፣ ትክክለኛ መለያውን ግን አያገኝም። ማሽኑ ሲነሳ ትክክለኛውን ፓስወርድ እየጻፋችሁ «ስህተት ነው» ይላችኋል፣ ብዙ ሰውም ተናዶ ኤስኢሊኑክስን ጨርሶ ያጠፋዋል። እባካችሁ አታጥፉት! ዳግም ከማስነሳታችሁ በፊት ከሁሉ በላይ ባለው ማውጫ («/») ላይ «.አውቶሪሌብል» የሚባለውን ባዶ ፋይል ብትፈጥሩ በሚቀጥለው ቡት መለያዎቹ ሁሉ ይስተካከላሉ። ኦዲትቱአላው የሚባለው መሣሪያ ከተመዘገቡት ክልከላዎች ተነስቶ የሚጽፍላችሁን የፈቃድ ሕግም ሳታነቡ አትጫኑ፤ እዚህ ላይ የሚያደርገው መለያ የሌለውን ፋይል ሎግኢን እንዲያነብ መፍቀድ ነው፣ የተበላሸው መለያ ግን እንደተበላሸ ይቀራል።

ችግሩ የእውነት ጌቲ ላይ ከሆነ ደግሞ በሴማኔጅ ትእዛዝ «ጌቲ_ቲ»ን ብቻ ወደ ፐርሚሲቭ መቀየር ይቻላል። ጌቲ አይከለከልም፣ ይከለከል የነበረው ሁሉ ግን ኦዲት ሎጉ ላይ ይጻፋል፤ የተቀረው ማሽን በፖሊሲው እንደተጠበቀ ይቆያል።