የተቃጠለው ካቴድራል፣ በመዳብ ላይ የቀረው

የለንደኑን አሮጌ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ዛሬ ሄዶ ማየት አይቻልም። በ1666 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ከተማዋን ያነደደው ታላቁ እሳት በልቶታል። አሁን ያለው ባለ ጉልላቱ ሕንፃ ከዚያ በኋላ ክሪስቶፈር ሬን የነደፈው ነው። ግን አሮጌው ምን ይመስል እንደነበር በደንብ እናውቃለን፤ ለዚህም ከማንም በላይ ባለውለታችን የፕራግ ተወላጁ ዌንስስላውስ ሆላር ነው።

ሆላር የኤቺንግ ባለሙያ ነበር። በኤቺንግ የመዳብ ሰሌዳ በስሱ ሰም ይቀባል። ሠዓሊው ሰሙን በመርፌ እየጫረ ይስላል። ሰሌዳው አሲድ ሲነካው የሚበላው መርፌው የገለጠው ቦታ ብቻ ነው። ከዚያ ሰሙ ይነሳል፣ ቀለም ይቀባል፣ ላዩ ይጠረጋል፤ ጭረቶቹ ውስጥ የቀረውን ቀለም እርጥብ ወረቀት በማተሚያ ተጨምቆ ይስበዋል። ወረቀቱ ላይ ግራው ቀኝ ሆኖ ስለሚወጣ፣ ሕንፃ የሚስል ሰው መዳቡ ላይ ሁሉን ገልብጦ መሥራት አለበት። አለበለዚያ የሰሜኑ በር ደቡብ ይሆናል።

ሆላር የካቴድራሉን ሥዕሎች የሠራው የታሪክ ጸሐፊው ዊልያም ደግዴል በ1658 ላሳተመው የካቴድራሉ ታሪክ መጽሐፍ ነው። ውስጡን የሚያሳየውን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ክብ ቅስቶች ተደራርበው እስከ መጨረሻው ይዘልቃሉ፤ ሌላኛው ሥዕል ደግሞ በምሥራቅ ጫፍ የነበረውን ትልቅ ክብ መስኮት ያሳያል። ፎቶ ባልነበረበት ዘመን ይህን ያህል መታገሥ በጣም ይገርመኛል።

ቢሆንም የሆላር ሥዕል ሁሉ እንዳለ አይታመንም። የካቴድራሉ ሾጣጣ ጫፍ በ1561 በመብረቅ ተቃጥሏል፤ ሆላር የተወለደው በ1607 ነው፤ ሆኖም ጫፉን ከነሙሉ ቁመቱ ስሎታል። በ1647 ባሳተመው ሰፊ የለንደን ገጽታ ላይም የግሎብ ቲያትርና የድብ ማታገያው ቤት ስም ተቀያይሯል። ሰሌዳውን የሠራው ለንደን ሆኖ ሳይሆን አንትወርፕ ተቀምጦ፣ ቀድሞ ከነደፋቸው ሥዕሎች ነበር። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሥዕል እንደ ምስክር ቃል ከሌላ ማስረጃ ጋር ማስተያየት ግድ ነው።

ሆላር ግን ምን እየሠራ እንደሆነ ያውቅ ነበር። በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ወታደሮች ካቴድራሉን የፈረስ ጋጣ አድርገውት ነበር። ከሥዕሎቹ በአንዱ ላይ፣ ይህች ቤተ ክርስቲያን መውደቂያዋን በየቀኑ እየጠበቀች እንደሆነና እሱም መታሰቢያዋን እንዲህ እንዳቆየላት በላቲን ጽፏል። መጽሐፉ በታተመ በስምንት ዓመቱ እሳቱ መጣ። ሆላርም ተመልሶ ከተማዋን ከእሳቱ በፊትና በኋላ አድርጎ በአንድ ወረቀት ላይ፣ አንዱን ከላይ ሌላውን ከታች ሳላት፤ በታችኛው ካቴድራሉ ጣሪያ አልባ ግድግዳ ሆኖ ቆሟል።