«ፍጹም ተጎጂ» ምንድን ነው? ካሜራ የሚመርጣት እናት

ኒልስ ክሪስቲ የተባለ ኖርዌያዊ የወንጀል ጥናት ምሁር በ1986 እ.ኤ.አ. ያመጣው ሐሳብ ነው። ሰው ከንፈር የሚመጥለት ለተጎዳ ሁሉ አይደለም አለ። ተጎጂው ደካማ መሆን አለበት። ሲጎዳም ጨዋ ነገር እያደረገ፣ በማያስወቅስ ቦታ መገኘት አለበት። በዳዩ ደግሞ ግዙፍ፣ ክፉና የማይተዋወቀው ሰው ቢሆን ይመረጣል። ይህን ያሟላው «ፍጹም ተጎጂ» ነው።

ልጅ የሞተባት እናት ዜና ላይ ስትቀርብ ግን ሌላም ይጠበቅባታል፤ ማልቀስ። ያውም ካሜራ ፊት።

ድሬዳዋን እንውሰድ። የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ልጆች ይጫወቱበታል፣ ሰው ያቋርጠዋል። ደጋው ላይ ሲዘንብ ግን ድንገት ይሞላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት መጥቶ ከ250 በላይ ሰው ገድሏል። ዛሬ እንዲህ ያለ ጎርፍ ከአንድ ግቢ ሁለት ልጆች ወሰደ እንበል። አንዷ እናት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረቷን ትደቃለች፣ የልጇን ስም እየጠራች ሙሾ ታወርዳለች። ጎረቤቷ ሙስሊም ናት። እሪ ብሎ ማልቀስ በሃይማኖቷ አይወደድም። ሴቶቹ ከበው «ሶብር አድርጊ» ይሏታል፤ አንገቷን ደፍታ «አልሃምዱሊላህ» ትላለች። ካሜራው ወዴት እንደሚዞር መገመት አይከብድም። ወደ መጀመሪያዋ ሄዶ «ምን ተሰማዎት?» ይላል። አቦ! ለዚህ ምን መልስ አለ? ማታ ዩቲዩብ ላይ «እንባዋን መቆጣጠር ያቃታት እናት» ተብላ ትወጣለች። ሁለተኛዋ ወይ ትዘለላለች፣ ወይ «ይቺ እውነት ልጇ ሞቶባታል?» ትባላለች።

አለማልቀስ ምን እንደሚያስከፍል አውስትራሊያዊቷ ሊንዲ ቻምበርሌይን አይታዋለች። በ1980 እ.ኤ.አ. ኡሉሩ የተባለው ግዙፍ ቋጥኝ አጠገብ ድንኳን ጥለው ሳለ የዘጠኝ ሳምንት ልጇን ዲንጎ የሚባል የዱር ውሻ ወሰደባት። እሷ ቴሌቪዥን ላይ ረጋ ብላ ተናገረች። ስለ አለባበሷና ስለ ደረቀ ዓይኗ ብዙ ተወራ። በ1982 ልጇን ገድላለች ተብላ ዕድሜ ልክ ተፈረደባት። እርግጥ የተሳሳተ የፎረንሲክ ማስረጃም ነበር፤ የአደባባዩ ፍርድ ግን ቀድሞ አልቋል። በ1986 ተፈታች፣ በ1988 ፍርዱ ተሻረ። ገዳዩ ዲንጎ ነው ተብሎ በይፋ የተመዘገበው በ2012 ነው።

እኔን ይበልጥ የሚከነክነኝ ያለቀሰችውም አለመሰማቷ ነው። ሙሾዋ ይቀረጻል፣ የምታውቀው አይጠየቅም። ጎርፉ ሳይደርስ ያስጠነቀቀ ነበር? ልጆቹ ሌላ መጫወቻ ነበራቸው? ሠልስትም፣ የሙስሊሞቹ ለቅሶ መድረሻ ታዕዚያም ሦስት ቀን ነው። ጋዜጠኛው በአራተኛው ቀን ካሜራውን ቦርሳው ውስጥ ትቶ ቢመጣ፣ ሁለቱም እናቶች የሚነግሩት አላቸው።