ኢምፕሬሽኒዝም ምንድን ነው?

ብዙ ሰው የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የክሎድ ሞኔን ሥዕል ሲያይ መጀመሪያ የሚለው “ያምራል፣ ግን ደብዘዝ ብሏል” ነው። እውነቱን ለመናገር ነገሩ ተቃራኒው ነው። ሞኔና ጓደኞቹ ጥርት ያለውን መስመር የተዉት ዓይናቸው የሚያየውን በትክክል ለመያዝ ሲሉ ነው።

ኢምፕሬሽኒዝም በ1860ዎቹና በ1870ዎቹ ፈረንሳይ ውስጥ የተወለደ የአሣሣል ስልት ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ለእነዚህ ሠዓሊዎች ዋናው ጉዳይ ዕቃው ወይም ታሪኩ አይደለም። በዚያች ሰዓት ዕቃው ላይ ያረፈው ብርሃን ነው። ዛፉ ያው አንድ ዛፍ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይና ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ግን ሁለት ሥዕል ይወጣዋል።

ይህ ዛሬ ቀላል ሐሳብ ይመስላል። ያኔ ግን ድፍረት ነበር። በፈረንሳይ አንድ ሠዓሊ ስም አውጥቶ ከሙያው እንጀራ ለመብላት “ሳሎን” በሚባለው ይፋዊ ኤግዚቢሽን ማለፍ ነበረበት። ዳኞቹ የሚወዱት የግሪክና የሮም አፈ ታሪክ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክና የጦር ሜዳ ድል ነው። ሥዕሉ ስቱዲዮ ውስጥ ተሠርቶ፣ የብሩሽ ምልክት እስኪጠፋ ድረስ መለስለስ አለበት። በ1863 ዳኞቹ የጣሉት ሥራ ከመብዛቱ የተነሣ ቅሬታው ንጉሠ ነገሥቱ ናፖሊዮን ሦስተኛ ዘንድ ደረሰ፤ እሱም የተጣሉት ለብቻቸው ይታዩ አለ። እዚያ ላይ ኤድዋር ማኔ ሱፍ ከለበሱ ወንዶች ጋር መስክ ላይ የተቀመጠች ራቁቷን ያለች ሴት ሥሎ ፓሪስን አመሰ። ማኔና ሞኔን ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። ማኔ ከኢምፕሬሽኒስቶቹ ጋር አንድም ጊዜ ሥራውን አላሳየም፤ መንገዱን የጠረገላቸው ግን እሱ ነው።

ሞኔ፣ ረኗር፣ ፒሳሮ፣ ደጋ፣ ሲስሌ፣ ቤርት ሞሪዞና ሌሎችም በመጨረሻ የሳሎንን ደጅ መጥናት ትተው የራሳቸውን ኤግዚቢሽን ከፈቱ። ቀኑ ሚያዝያ 15 ቀን 1874፣ ቦታው የታዋቂው ፎቶግራፍ አንሺ የናዳር የቀድሞ ስቱዲዮ ነው። ሞኔ ካቀረባቸው አንዱ የለ ሃቭር ወደብን በማለዳ የሚያሳይ ሥዕል ነበር፤ ርእሱም “ኢምፕሬሽን፣ የፀሐይ መውጫ” (ኢምፕሬሽን ማለት አንድ ነገር በቅጽበት የሚያሳድረው ስሜት ነው)። ሉዊ ለሯ የሚባል ጋዜጠኛ የግድግዳ ወረቀት ንድፍ እንኳ ከዚህ የተሻለ ያለቀ ነው የሚል የፌዝ ጽሑፍ ጻፈ። “ኢምፕሬሽኒስቶች” ሲል ሰደባቸው። ስድቡ ስም ሆኖ ቀረ።

ያ ሥዕል ቀረብ ብሎ ማየት ይገባዋል። ውኃው፣ ጭጋጉና መርከቦቹ በሰማያዊና በግራጫ የተነከሩ ናቸው። መሐል ላይ አንዲት ብርቱካናማ ፀሐይ አለች። ሥሯ ውኃው ላይ ጥቂት የብሩሽ ጭረቶች ነጸብራቋን ይሠራሉ። ፀሐይዋ የምታበራ፣ እንዲያውም የምትንቀጠቀጥ ትመስላለች። ምስሉን ስልካችሁ ላይ አውርዱና ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ፀሐይዋ ልትጠፋ ትደርሳለች! ምክንያቱም የድምቀቷ መጠን ከጎኗ ካለው ሰማይ ጋር እኩል ለእኩል ነው። ከሰማዩ የለያት ቀለሟ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በግድየለሽነት አይመጣም። “ያላለቀ ሥራ” ያሉት ሰው ምን ያህል ተጠንቅቆ እንደሚሠራ ለማየት ይህ አንድ ምሳሌ ይበቃል።

ብርቱካናማው እንዲያ የሚያበራው ከሰማያዊ ጎን ስለተቀመጠ ነው። ይህን ቀደም ብሎ በደንብ ያጠናው ሠዓሊ ሳይሆን ኬሚስት ነው። ሚሼል ኤዥን ሼቭረል በፓሪስ የጎብላን ሽመና ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ነበር። ጥቁሩ ክር ፈዘዘ የሚል ቅሬታ ሲመጣበት ክሩን መረመረ፤ ቀለሙ ምንም አልሆነም። ያፈዘዘው ጎኑ የተሸመነው ሌላ ቀለም ነበር። ሁለት ቀለማት ጎን ለጎን ሲቀመጡ ዓይናችን ውስጥ አንዱ ሌላውን ይለውጠዋል ብሎ በ1839 መጽሐፍ አወጣ። ኢምፕሬሽኒስቶቹ ቀለምን ሳሕን ላይ በደንብ ከመደባለቅ ይልቅ ሸራው ላይ ጎን ለጎን ጣል ጣል የሚያደርጉት ለዚህ ነው። ከሩቅ ሲታይ ዓይን ራሱ ያዋሕደዋል።

የጥላ ጉዳይም አለ። ቀደምቶቹ ጥላን በቡናማና በጥቁር ይሠሩ ነበር። እነዚህ ግን ጥላ የራሱ ቀለም እንዳለው አዩ። ነጭ ነጠላ የለበሰችን ሴት እኩለ ቀን ላይ ተመልከቱ፤ ጥላ ያረፈበት እጥፋት ጥቁር አይደለም፣ ወደ ሰማያዊ ይወስደዋል። ሞኔ በ1875 ሚስቱን ካሚልን ጃንጥላ ይዛ ኮረብታ ላይ ቆማ ሣላት። ቀሚሷ ነጭ ነው እንላለን። ሸራው ላይ ግን ሰማያዊ፣ ሐምራዊና ከሣሩ የተንጸባረቀ ቢጫ ነው ያለው።

ይህ ሁሉ ያለ ቴክኖሎጂ አይሆንም ነበር። ድሮ የተበጠበጠ ቀለም የሚቀመጠው በአሳማ ፊኛ ውስጥ ነበር፤ ይፈነዳል፣ ይደርቃል። በ1841 ጆን ራንድ የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ የቆርቆሮ ቲዩብ ፈጠረ። ቀለሙን ቦርሳ ውስጥ ከትቶ፣ በባቡር ከፓሪስ ወጥቶ፣ ወንዝ ዳር ቁጭ ብሎ መሣል ተቻለ። ሞኔ በ1870 ትሩቪል ባሕር ዳርቻ ላይ የሣለው አንድ ሥዕል አለ። ቀለሙ ውስጥ ዛሬም የባሕር ዳር አሸዋ ተጣብቆ ይገኛል።

እኔ ከሁሉ የማስበልጠው ሞኔ በ1890ዎቹ የሠራቸውን ተከታታይ ሥዕሎች ነው። መጀመሪያ ቤቱ አጠገብ ያለውን የእህል ክምር ደጋግሞ ሣለ። ቀጥሎ በፈረንሳይዋ ሩዋን ከተማ ያለውን ካቴድራል (ትልቅ ቤተ ክርስቲያን) ፊት ለፊት ከሠላሳ ጊዜ በላይ። ብዙ ሸራ ጎን ለጎን ይደረድራል፤ ብርሃኑ ሲለወጥ አንዱን ትቶ ወደ ሌላው ይሄዳል። የዘመናት ድንጋይ ሸራው ላይ አንዴ ወርቅ፣ አንዴ ግራጫ፣ አንዴ ጽጌረዳ ይሆናል። የኩሬ አበቦቹ ይበልጥ ዝነኛ ናቸው፤ ለእኔ ግን ሐሳቡ ጫፍ የደረሰው ካቴድራሉ ላይ ነው።

ሁሉም እንደ ሞኔ ነበሩ ማለት አይደለም። ደጋ ሜዳ ላይ መሣል አይወድም ነበር፤ እሱ የባሌ ዳንሰኞችን የልምምድ ክፍል ነው የመረጠ። ሞሪዞ የቤት ውስጥ ሕይወትን፣ እናትንና ሕፃንን ማንም ባልሠራው ቅልጥፍና ሣለች። ፒሳሮ ደግሞ ከሚገባው በታች የሚወራለት ሰው ነው። እስከ 1886 በተካሄዱት ስምንት ኤግዚቢሽኖች በሁሉም የተሳተፈው እሱ ብቻ ነው። ኋላ ስመ ጥር የሆኑትን ሠዓሊዎች ሴዛንንና ጎጋንን ያስተማረም እሱ ነው።

ገዢ ያገኙት ቀስ ብለው ነው። ፖል ዱራን-ሩዌል የሚባል የሥዕል ነጋዴ ለዓመታት እየከሰረ ገዛቸው። በ1886 ሦስት መቶ ያህል ሥዕል ይዞ ኒው ዮርክ ሄደ፤ አሜሪካኖቹ ወደዱት። ከሞኔ የእህል ክምሮች አንዱ በ2019 እዚያው ኒው ዮርክ በጨረታ 110.7 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል።

ከእነሱ በኋላ የመጡት ነጻነቱን ይዘው ወደየራሳቸው መንገድ ሄዱ። ሴዛን ወደ ቅርጽ፣ ቫን ጎግ ወደ ስሜት፣ ዦርዥ ሰራ የተባለው ሠዓሊ ደግሞ ወደ ነጠብጣብ። ሩሲያዊው ካንዲንስኪ በ1896 ሞስኮ ውስጥ የሞኔን የእህል ክምር ሲያይ መጀመሪያ ምን እንደሆነ አላወቀውም። ቀለሙ ግን ያዘው። ከዓመታት በኋላ የአብስትራክት (ሰውን ወይም ዕቃን የማያሳይ) ሥዕል ፋና ወጊ ከሆኑት አንዱ እሱ ነው።

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ጃንጥላ የያዘችው ካሚልም፣ ከሩዋን ካቴድራሎቹ ሁለቱም ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት ውስጥ ናቸው፤ መግቢያው በነጻ ነው። አሸዋ ያለበት የትሩቪሉ ሥዕል ለንደን ናሽናል ጋለሪ ነው፤ እዚያም ቋሚ ስብስቡን ለማየት አይከፈልም። ስትሄዱ መጀመሪያ ጭረቶቹ ብቻ እስኪታዩ ተጠጉ፣ ከዚያ ስድስት ሰባት እርምጃ ወደ ኋላ በሉ።